ያልተጻፈ ክብር፦ የከሚሴ የቀድሞ ወታደሮችና የአገልግሎት መዝገባቸው

የመከላከያ ሠራዊታችን የልደቱን በዓል ከየካቲት 7 ወደ ጥቅምት 15 አዛውሮ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስቴርን ያቋቋሙበትን ዕለት መነሻው በማድረግ በ2015 ዓ.ም. 115ኛ ዓመቱን ባከበረ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ነገሩን የበዓል ቀን ለውጥ አድርጎ ተመልክቶት አልፏል። በእኔ ግምት ግን በውስጡ ከዚያ የሚበልጥ ቁም ነገር አለበት። አንድ መሥሪያ ቤት ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑን በአደባባይ ሲያውጅ ከዕድሜው ጋር የሚመጣውን ዕዳ አብሮ ተቀብሏልና፤ በማይጨው የወደቀው፣ በኮርያ ኮረብታ ላይ የቆሰለው፣ በኮንጎ ከጠቅል ብርጌድ ጋር የተባበሩት መንግሥታትን ዓርማ አድርጎ የቆመው፣ በካራማራ የተዋጋው፣ በባድመ የዘመተው ሁሉ ከእንግዲህ የእርሱ ወታደር ነው፤ የእርሱ ወታደር ከሆነም መዝገቡ የእርሱ መዝገብ፣ የመዝገቡ ጉድለትም የእርሱ ጉድለት ይሆናል።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊታይ ሲገባው ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ነገር ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አዋጁ ስለ ራሱ የተመዘገበው ነገር ስሕተት ያለበት ሰው ስሕተቱ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ለአገር ደኅንነትና ለመከላከያ ሲባል የሚተዋቸው ልዩ ሁኔታዎች እንዳሉት አይዘነጋም፤ ዳሩ ግን ከሰላሳና ከአርባ ዓመት በፊት በጦር ሜዳ ቆስሎ የተሸለመ አንድ ሽማግሌ ሽልማቱ በግል ማኅደሩ እንዲጻፍለት ቢለምን፣ ይህ የአገር ምሥጢር ነው ብሎ የሚመልሰው ባለሥልጣን ይኖራል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። እንግዲህ በአንድ በኩል ሠራዊቱ የአባቶቹን ዘመን ወርሷል፤ በሌላው በኩል ሕጉ የመታረምን መብት አውቋል። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቢሮ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር ከከሚሴ የተሻለ ቦታ የለም ብዬ የማምነው በሚከተለው ምክንያት ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ታላቅ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆና በጨፋ ረግረግ መካከል የተቀመጠች፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚህ ጎዳና ሠራዊት ያላለፈበት ዘመን ጥቂት ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ያዘገመው በዚሁ መስመር ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት የደሴና የኮምቦልቻ መስመር ሲሰበር የቀድሞው ሠራዊት ወደ ሸዋ ያፈገፈገውም በዚሁ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ከተማይቱ ራስዋ የጦርነቱ አካል ሆና ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። መንገዱ ወታደርን ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን መውሰድም ልማዱ ነውና፣ ከዳዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋ፣ ከባቲና ከደዌ ሃረዋ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ልጆች መካከል ጠመንጃ ተሸክሞ የሄደ ወንድም ወይም አጎት የሌለው ቤተ ሰብ ማግኘት ያስቸግራል።

እንበልና ከእነዚህ አንዱ፣ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ በታወጀ ጊዜ ሞፈርና ቀንበሩን ለወንድሙ ትቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር የገባ፣ ከዚያ በምሥራቅ ግንባር የተሰለፈ፣ ጅጅጋ ነፃ ከወጣች በኋላ ወደ ሰሜን ተዛውሮ እስከ 1983 ዓ.ም. ያገለገለ ሰው ነው። በመካከሉ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል፤ በአንድ ሰልፍ ላይ አዛዡ ስሙን ጠርቶ በደረቱ ላይ ሜዳይ ሰክቶለታል። ሠራዊቱ ሲበተን የለበሰውን ልብስ እንደ ለበሰ በእግሩ ወደ ቀዬው ገባ። ሜዳዩን በችግር ቀን ሸጦት ይሆናል፣ ወይም ልጆች ሲጫወቱበት ጠፍቶ ይሆናል። ይህ ሰው ዛሬ ባረጀ ዕድሜው ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በመስኮት በኩል የሚሰማው ቃል፣ "አባቴ፣ ስምዎ ከመዝገቡ አልተገኘም፤ ከቀበሌዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ" የሚል ነው። የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፍለት የቀበሌ ሊቀ መንበር ሰውየው በታጠቅ ሲሰለጥን ገና ያልተወለደ መሆኑን ማን ያስተውላል?

የማኅደሩን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። የድሮው የወታደር ግል ማኅደር ብዙውን ጊዜ ጫፉ የተበላ የካርቶን አቃፊ፣ በመሐሉ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የተመታ የቅጥር ቅጽ፣ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት የማዕረግ ደብዳቤና አንድ አነስተኛ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የያዘ ነው። በቅጹ ላይ ስሙን የጻፈው ራሱ ወታደሩ ሳይሆን ጸሓፊው ነው፤ ጸሓፊውም እንደ ሰማው ይጽፋልና መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ማሕሙድ፣ መሀመድ የተለያዩ አራት ሰዎች እንደ ሆኑ መዝገቡ በየተራቸው ያስቀምጣቸዋል። የአያቱ ስም የተዘለለበትም አለ። ዛሬ ደግሞ ዞኑ በአፋን ኦሮሞ ስለሚሠራ የዚሁ ሰው ስም በቀበሌ መታወቂያው በቁቤ ተጽፏል፤ ከዚያ በፋይዳ መታወቂያው ሌላ መልክ ይዟል። አንዱ ሰው በሦስት ጽሑፍ ሦስት ሰው ሆኖ ሲቆም፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከየትኛው ጋር እንደሚያመሳክረው ቢቸገር አይገርምም። ችግሩ ግን የሠራተኛው ንዝህላልነት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሥርዐቱ ለእንዲህ ያለው ሰው በር ሳይከፍት ተሠርቷልና።

መዝገቡ እንዴት ተበተነ ቢባል፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ታሪክ ሦስትና አራት ጊዜ ተሰብሮ የተጠገነ ታሪክ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ የኮርያ ዘማቾችን ያፈራው ያ ክፍል ተበትኖ እንደገና ተዋቅሯል። በ1966 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥታዊው ሠራዊት የአብዮታዊው ሠራዊት ስም ለብሷል። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአራት መቶ ሺህ የሚበልጥ ጦር በአንድ ጊዜ ፈርሶ፣ ለዚህ ሲባል የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን እጅ ገብቷል። ኮሚሽኑ ሰውን ወደ ቀዬው የማድረስና የማቋቋም ተልእኮ ነበረው፤ የእያንዳንዱን ወታደር የጀብዱ መዝገብ አጣርቶ የማጠናቀር ተልእኮ ግን አልተሰጠውም። ሥርዐተ መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ የቀደመው ሥርዐት የሰጠው ክብር በአዲሱ ዘንድ የማይነሣ ርእስ ይሆናል፤ በኮርያ ከኮሙኒስቶች ጋር የተዋጋ ሰው በደርግ ዘመን፣ በኦጋዴን የተሸለመ ሰውም ከደርግ በኋላ ሜዳዩን ደረቱ ላይ ሰክቶ ወደ መንግሥት ቢሮ ለመግባት ያመነታ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ዝምታ ወረቀት ከመቃጠሉ በፊት መዝገብን ያጠፋል።

ሜዳይና መዝገብ አንድ እንዲሆኑ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ለማየት የአርበኞችን ዘመን መመልከት ይበቃል። ከነፃነት በኋላ የተሰጠው የአርበኝነት ሜዳይ በሪባኑ ላይ የሚሰኩ ዘንባባዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ዘንባባ አንድ ዓመት የተጋድሎ ዘመን ያመለክታልና አምስቱን ዓመት በዱር በገደል የቆየ አርበኛ ባለ አምስት ዘንባባ ይባላል። ይህ ጥበብ የተሞላበት አሠራር ነበር፤ የሰውየውን ክብር በደረቱ ላይ ያደረገው ጌጥ ራሱ የአገልግሎት ዘመኑን ይቈጥርለት ነበርና። ዳሩ ግን ዘንባባው እንዲሰጥ የዓመቱ መቈጠር ያስፈልጋል፤ ዓመቱ እንዲቈጠርም የመሰከረለት አለቃ መኖር ነበረበት። በመጀመሪያው ዓመት አለቃው የወደቀበት፣ ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው የተሻገረ፣ ጽሕፈት ከማያውቁ ጓደኞቹ ጋር በቆላ የተዋጋ አርበኛ፣ ዘንባባው ጎድሎ ቀርቷል። ባንዳ ተሸልሞ አርበኛ ተረሳ የሚለውና ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ከሽማግሌዎች አፍ ያልጠፋው ምሬት፣ ምንጩ የሰው ክፋት ብቻ አልነበረም፤ የአመዘጋገብ ጉድለትም ከምንጮቹ አንዱ ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውን የሚያስተምረው ሕዝብ፣ ለወታደሩ ሲሆን በቃል ትቶታል።

በኮርያ የዘመቱትን የቃኘው ሻለቃዎች ብንወስድ እንኳ ነገሩ ይብሳል። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተሳፍረው፣ ወር ሳይሞላ ቡሳን ወደብ የደረሱት የመጀመሪያው ቃኘው አባላት በሻለቃ አዛዡ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመሩ፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፉ ነበሩ። ከእነዚህና ተከታትለው ከሄዱት መካከል አንድም ሰው በሕይወት ያልተማረከ መሆኑ በዓለም ፊት የተነገረ ኩራት ነው። ነገር ግን በጠቅላላው ስንት ሰው ዘመተ ቢባል፣ በአንዳንድ ጽሑፍ 3,518፣ በሌላው 6,037 ተብሎ ይነበባል። የዘማቾቹ ጠቅላላ ቍጥር በሁለት ሺህ አምስት መቶ ከተለያየ፣ የእያንዳንዱ ዘማች ገጽ ምን ያህል የተጠበቀ ሊሆን ይችላል? የቃኘው ወታደር ከኢትዮጵያ መንግሥት ሽልማት ሌላ ከአሜሪካና ከደቡብ ኮርያ የተሰጠውም ስላለው፣ ከእነዚህ መዛግብት ከፊሉ ከአገራችን ውጭ ተጠብቆ እንደሚገኝ ማወቅ ደግሞ ለሚሻው ሰው ተስፋ ነው።

የአሜሪካኖቹ ነገር በተለይ ሊጠና ይገባዋል። በሐምሌ 1965 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ ማኅደሮች ወድመዋል። ዳሩ ግን ማኅደሩ ጠፍቷል ብለው በሩን አልዘጉትም፤ የደመወዝ ዝርዝር፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የየክፍሉ የጠዋት ሪፖርት፣ የጉዞ ትእዛዝ እየተሰበሰቡ የአንዱን ሰው ታሪክ ከሌላ ወገን መልሰው ይሠሩለት ጀመር። ከዚያም በፊት፣ በ1938 ዓ.ም. በወጣ ሕግ፣ የወታደርን መዝገብ የሚያርም ቦርድ ተቋቁሟል፤ አባላቱ ሲቪሎች ናቸው፤ ማመልከቻው በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ቢታዘዝም ቦርዱ ለፍትሕ ሲል የዘመኑን ገደብ ማለፍ ይችላል፤ ሟች ከሆነም ወራሾቹ ያመለክታሉ። ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉት ጥቁር አሜሪካውያን ለአንዱ እንኳ ያልተሰጠውን ትልቁን የክብር ሜዳይ፣ መዝገቡ ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ተመርምሮ ሰባት ሰዎች በ1989 ዓ.ም. ተቀበሉት፤ በሕይወት የነበረው ቨርነን ቤከር ብቻ ነበር።

ከእኛ ሁኔታ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ግን የደቡብ ኮርያ ነው፤ እንዲህ ስል የወረቀቱን ነገር ማለቴ ነው። በጦርነቱ ሰዓት አዛዦች ለወታደር ጊዜያዊ የሽልማት ማስረጃ ይሰጡ ነበርና፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎች ወደ እርሻቸው ተመልሰው ዋናው ሜዳይ ሳይደርሳቸው ቀረ። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ2011 ዓ.ም. ልዩ ሕግ ወጥቶ፣ የጦር ኃይላቸው ተሸላሚዎቹን የሚፈልግ ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑ ወደ መንደር አስተዳደሮች ወርዶ በቤተ ሰብ መዝገብ እያመሳከረ፣ ሟች ለሆነው ለልጁና ለልጅ ልጁ ሜዳዩን ማስረከብ ጀመረ። ልብ ይባል፤ ፈላጊው መንግሥት፣ ተፈላጊው ዜጋ ነው። በእኛ አገር ይህ ተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ሽማግሌው ፈላጊ፣ መሥሪያ ቤቱ ተፈላጊ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

በዚህ ነገር ውስጥ ሳይለያዩ የሚነገሩ፣ ሳይለያዩም ሲታዩ ሥራውን የሚያሰናክሉ ጉዳዮች አሉ። ሽልማቱ በእርግጥ ተሰጥቶት ሳለ በማኅደሩ ያልተጻፈለት ሰው ጥያቄው ቀላል ነው፤ ማስረጃ ከተገኘ መጻፍ ብቻ ነው፣ አዲስ ክብር የሚሰጠው የለምና። አዛዡ ተሸላሚ ነው ብሎ አሳብ አቅርቦለት ወረቀቱ በመንገድ የቀረበት ግን አሳብ አቅራቢው መመስከር ይኖርበታል። ማንም ያላየለትን ጀብዱ ሠርቻለሁ የሚለው ደግሞ ሌላ ምርመራ ነው፤ ይህን ከመዝገብ ማረም ጋር ማደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል። የደርግ ዘመን ሜዳዮችስ እንዴት ይሁኑ የሚሉ አሉ፤ ሥርዐቱ ከፈረሰ ሜዳዩ ይፈርሳል ወይ ማለታቸው ነው። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። በመዝገብ ላይ የሚጻፈው ለአንድ ሥርዐት የሚቀርብ ውዳሴ ሳይሆን እንዲህ ያለ ዓመት፣ በእንዲህ ያለ ግንባር፣ ይህ ሰው ይህን አደረገ የሚል እውነት ነው። በሶማሊያ እስር ቤት ከዐሥር ዓመት በላይ ታስሮ በ1980 ዓ.ም. የተመለሰውን የአየር ኃይል አብራሪ ለገሰ ተፈራን የትኛው ሥርዐት እንደ ሸለመው ዛሬ መጠየቁ ጀብዱውን አያሳንሰውም፤ ሠራዊቱ ልደቱን ከ1900 ዓ.ም. ከቈጠረ ደግሞ በየሥርዐቱ የተሰጠውን ሽልማት ሁሉ እንደ ራሱ ሽልማት መመዝገብ ይጠበቅበታል።

ሐሰተኛ ይበዛል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ የነፃነት ማግሥት የአርበኝነት ማጣራት ምን ያህል እንዳወዛገበ ተነግሯልና። ይሁን እንጂ ስጋቱን ለመከላከል የሚጠቅመው ምርመራ እንጂ ዝምታ አይደለም። ገንዘብን በተመለከተ ጡረታው የሚቈጠረው በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መሠረት በዋናነት በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ስለ ሆነ፣ ሜዳይ መመዝገብ በራሱ ካዝናን የሚያናጋ ነገር አይደለም፤ ሜዳዩ የጎደለውን ዓመት የሚያረጋግጥ ሆኖ ሲገኝ ግን የጡረታው ሒሳብም ሊስተካከል ይገባል፤ ይህም ሰውየው ያልተከፈለው የሥራው ዋጋ ነው።

ሥራው በከሚሴ ቢጀመር መልካም የሚሆነው፣ ችግሩ እዚያ ከሌላው ተለይቶ የከፋ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ የመዝገብ፣ የቋንቋና የመንገድ ችግር ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኝበት አገር በመሆኑ ነው። በአጣዬና በሸዋ ሮቢት በኩል ያለው መንገድ በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ተዘግቷልና ሽማግሌ አዲስ አበባ ሂድ ተብሎ እንዲጉላላ አይፈረድበትም። ሰኞ በባቲ ገበያ፣ እሑድ በሰንበቴ ገበያ፣ የመከላከያ አንድ ጸሓፊ ከዞኑ አንድ ሠራተኛ ጋር ተቀምጦ፣ አንዱ በአማርኛ ሌላው በአፋን ኦሮሞ፣ ስሙን በሁለቱም ጽሑፍ እየጻፉ ጥያቄ ቢቀበሉ፣ ብዙ የተለያዩ ስሞች አንድ ሰው ሆነው ይገኛሉ። ለምስክርነቱም አገሩ የራሱ ሥርዐት አለው፤ በወሎ የሚታወቀው የአበጋር ሽማግሌዎች ጉባኤ ደምና ጠብ የሚያስታርቅ፣ በመሐላው የሚታመን ነውና፣ በዚያ ፊት የተሰጠ ቃል ለምርመራው መነሻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ማመሳከር ግን የመንግሥት ሥራ ነው፤ የደመወዝ ፔሮል፣ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ካርድ፣ በየጊዜው ስለ ሽልማት የወጣውን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዝርዝር፣ የተማረከ ከሆነ ደግሞ የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል መዝገብ መፈተሽ ይገባዋል። ውሳኔው በጽሑፍ፣ ምክንያቱን ገልጦ ይሰጠው፤ አልተቀበልነውም ቢሉም በምን ምክንያት እንደ ሆነ ያውቅ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ጊዜው እየነጐደ ነው። በ1969 ዓ.ም. 20 ዓመት የነበረው ወታደር ዛሬ 70 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ሽልማቱን ያጸደቀለት አዛዥ ደግሞ ከእርሱ በዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ ሥራው ከመዝገብ ቤት መጋዘን መጀመር የለበትም፤ መጀመር ያለበት ከአዛዦቹ ነው። በየከተማው የሚኖሩ የቀድሞ የሻለቃና የብርጌድ አዛዦች፣ የአስተዳደር መኮንኖች፣ የክፍል ጸሓፊዎች ስለ ማን ምን እንደሚያውቁ ቃላቸውን አስመዝግበው እንዲፈርሙበት በዚህ ዓመት ቢጠሩ፣ የካርቶኑ አቃፊ ቢዘገይ እንኳ የሚመሳከርበት ነገር ይኖራል፤ ወረቀቱ በመጋዘን ሌላ ዐሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ እነርሱ ግን አይቆዩም።